ሁለት ጊዜ የተጻፈው የኖራ ጽሁፍ፦ ከጎጃም አንድ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

ፖዚሽን ፔፐር (የአቋም ጽሁፍ) እንዴት ነው ሚጻፈው ብለው ሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፣ ግማሹ ለዩኒቨርሲቲ ክርክር ነው ሚፈልገው ግማሹ ለማህበር ስራ፣ እና ሁሉም መጀመሪያ ሚሉት "ፎርማቱን ላክልኝ" ነው። ፎርማቱ በአንድ ገጽ ያልቃል። ሰው ሚያሳምን ጽሁፍና መዝገብ ቤት ሚቀር ጽሁፍ ግን በፎርማት አይለዩም፣ ይሄን ያየሁት በ2010 ዓ.ም ምስራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ የገበሬዎች ህብረት ስራ ማህበር ኮምጣጣ መሬት ስለሚያክመው ኖራ ሁለት ጊዜ ሲጽፍ አብሬ ስለነበርኩ ነው። የመጀመሪያው ጽሁፍ ምንም አላመጣም፣ ሁለተኛው ሁሉንም ባይሆን ብዙውን አመጣ። ያው ሰዎች፣ ያው ችግር፣ ያው ቢሮ። የሰዎቹን ስም፣ ቀበሌውንና ወረዳውን ትቻለሁ።

ቦታውና ችግሩ

ቀበሌው ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ደጋ በኩል ነው፣ አፈሩ ቀይ፣ ዝናቡ ብዙ። ዝናብ የበዛበት ደጋ ላይ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ከአመት አመት እያጠበ ይወስደዋል፣ ሰብሉም ታጭዶ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል፣ በቃ መሬቱ ይኮመጥጣል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የስሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ፎስፈረሱን ደግሞ አሉሚኒየምና ብረት ቆልፈው ይይዙታል፣ ስለዚ ገበሬው በብድር የገዛውን ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ ብዙውን አያገኘውም። ባቄላው ቀጭጮ ይቀራል፣ ገብሱ ቢጫ ይሆናል። ሰዉ ቀስ በቀስ ኮምጣጣ መሬት ወደሚችሉት እንግዶ (አጃ) እና ግብጦ ዞሯል፣ ተስፋ የቆረጠው ደግሞ ማሳውን ባህር ዛፍ ተክሎበታል።

መድሃኒቱ ይታወቃል፣ ኖራ ነው፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ድንጋዩም ሩቅ አገር አይደለም ያለው፣ ደጀን አካባቢ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሞልቷል፣ ደጀን ደግሞ ከደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስቸጋሪው ክብደቱ ነው። በጣም የኮመጠጠ መሬት በሄክታር እስከ 4 ቶን ሊፈልግ ይችላል፣ ይሄ ማለት 40 ኩንታል ነው፣ በእኛ አገር ቋንቋ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 10 ኩንታል። አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም 20 ጭነት ማለት ነው፣ ለአንድ ጥማድ ብቻ! ኖራው ወረዳው ከተማ መጋዘን ድረስ ይመጣ ነበር፣ ከዛ እስከ ቀበሌው ያለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ግን ሚያደርሰው የለም። ስለዚ መጋዘን ይቀመጣል፣ ገበሬውም ኮምጣጣ መሬቱን ያርሳል።

የመጀመሪያው ጽሁፍ

በጥቅምት ወር የማህበሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ "የአቋም ጽሁፍ" እናስገባ አለ። የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ልጅ እያሉ ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ብእራቸው በጣም ሚያምር ሰው፣ ሁላችንም የኔታ ነው ምንላቸው። 11 ገጽ ነበር።

እዚ ጋር አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ፖዚሽን ፔፐር ሲባል ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሚመጣው ስብሰባ ሲያልቅ ሚነበበው የአቋም መግለጫ ነው፣ "እኛ የዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች" ብሎ ሚጀምረውና በጭብጨባ ሚያልቀው። ሌላው ሚመጣው ማመልከቻ ነው፣ "ጉዳዩ፦" ብሎ ጀምሮ "በትህትና እንጠይቃለን" ሚለው። የአቋም መግለጫ ሚጻፈው ቀድሞ ለተስማማ ሰው ነው፣ ማመልከቻ ደግሞ ምህረት ለሚያደርግ ሰው። ፖዚሽን ፔፐር ግን ገና ላልተስማማና አይሆንም ለማለት ጥሩ ምክንያት ላለው ሰው ነው ሚጻፈው። የየኔታ ጽሁፍ የሁለቱ ቅልቅል ነበር፣ ጥፋቱም የሳቸው አልነበረም፣ ኮሚቴው የነገራቸውን ነው የጻፉት።

ምን ነበረበት? መንገዱ፣ ማዳበሪያ ዘግይቶ መምጣቱ፣ ኖራው፣ የቦኖ ውሃው መበላሸት፣ የኔትወርኩ መጥፋት፣ ሁሉም። ኖራው ገጽ 6 ላይ ነው የመጣው። የጀመረው ደግሞ በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው በሚለው በየስብሰባው በሚጠቀሰው ቁጥር ነበር። መጨረሻው አፋጣኝ ምላሽ ይሰጠን።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ሊቀመንበሩ ሄደው ሲጠይቁ ደብዳቤው ላይ "ለመረጃ ይያያዝ" ተብሎ ተመርቶበት ፋይል ሆኖ አገኙት። ቢሮ ያለ ሰው ለመረጃ ይያያዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ማንም አይሰራበትም ማለት ነው። ግን እዛው ያገኟቸው አንድ ባለሙያ ቅን ሰው ነበሩና ሁለት ነገር ነገሯቸው። አንደኛ፣ "አባቴ፣ 43 በመቶው የሀገሪቱ ነው፣ የእናንተ ቀበሌ ስንት ነው?" ሁለተኛ፣ "ኖራ እኮ አምናም መጥቶ ነበር፣ ገበሬው አልወስድም ብሎ መጋዘን ከረመ።" ሊቀመንበሩ ለሁለቱም መልስ አልነበራቸውም፣ ተናደው ነው የተመለሱት። እኔ ግን ሲነግሩኝ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለሁለተኛው ጽሁፍ አጽም እንደሚሆኑ ወዲያው ነው የታየኝ።

ሁለተኛው ዙር፦ ምን አደረግን

እኔ የገባሁት እዚ ጋር ነው፣ ደብረ ማርቆስ ስለምሰራ ኮምፒውተር ላይ እንድጽፍላቸው ነበር የጠሩኝ። ከመጻፋችን በፊት ሁለት ወር ገደማ ፈጀን፣ ጽሁፉ ራሱ አራት ቀን አልፈጀም።

መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው ጠየቅን። ኮሚቴው "ወረዳው" አለ። ወረዳው ሰው አይደለም። ተከትለን ስናየው ጽሁፉን ሚቀበለው የግብርናው ሃላፊ ነው፣ ሃላፊው ግን ብቻውን አይወስንም፣ የወረዳው ካቢኔ ይዞት ይገባል፣ እዛ የፋይናንስ ሃላፊው ስንት ብር ይላል፣ ሌላው ደግሞ ለምን ይሄ ቀበሌ ብቻ ይላል። ስለዚ ጽሁፋችን ሃላፊውን ማሳመን ብቻ ሳይሆን እሱ እኛ በሌለንበት ክፍል ውስጥ እንዲከራከርበት ማስታጠቅ ነበረበት። ይሄ ከገባን በኋላ ብዙ ነገር ራሱ ወደቀ፣ ቦኖውና ኔትወርኩ ወጡ። አንዳንዱ ኮሚቴ ቅር ብሎት ነበር፣ "እድሉን ካገኘን ሁሉንም እንናገር" ብለው፣ እኔም ቅሬታቸው ይገባኛል፣ ግን ሰባት ነገር ሚጠይቅ ጽሁፍ ሰባት ቢሮ ሚመራ ጽሁፍ ነው፣ ማንም የኔ ነው አይለውም።

ቀጥሎ አቋሙን በአንድ አረፍተ ነገር መጻፍ። ይሄ በጣም ከበደን። የመጀመሪያ ሙከራችን "የአፈር አሲዳማነት ልዩ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል" ነበር። የኔታን "ይሄን አይሆንም ብሎ ሚከራከር ሰው ይኖራል?" ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ትንሽ አሰቡና "ማንም የለም" አሉ። ማንም ማይቃወመው ነገር ደግሞ አቋም አይደለም፣ ሁሉም እሺ ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ሰርዘን መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ "ወረዳው ለአንድ የምርት ዘመን ኖራን ከመጋዘን እስከ ቀበሌ ሚያደርስበትን የማጓጓዣ ወጪ መሸፈን አለበት፤ ይህም ለሁሉም ሳይሆን ተመርምሮ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ለሆነ ማሳ ብቻ፤ መበተኑንና አርሶ ከአፈር ማደባለቁን ገበሬው ራሱ ይችላል።" አሁን ይሄን ሰው ሊቃወመው ይችላል። ማን እንደሚያደርግ፣ ምን፣ እስከ ምን ድረስ፣ እኛስ ምን እንደምናዋጣ አለበት።

ከዛ የራሳችንን ማስረጃ ፍለጋ ሄድን። ከልማት ሰራተኛዋ ጋር 12 ማሳ ላይ ናሙና ወሰድን፣ በየማሳው እየተዘዋወርን ወደ 15 ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍረን፣ በፕላስቲክ ባልዲ ደባልቀን አንድ ኪሎ ያህል ከረጢት ውስጥ እያስገባን። የማህበሩ ጸሃፊ፣ ወጣት ልጅ፣ የከፉትን ማሳዎች ብቻ እንውሰድ ብሎ ነበር፣ ቁጥሩ እንዲያምር። እኔ እጣ እንጣል አልኩ። እጣ ተጣለ። ውጤቱ ሲመጣ ዘጠኙ ከ5.5 በታች፣ ሶስቱ ከዛ በላይ ሆኑ። ሶስቱንም ጽሁፉ ውስጥ አስገባናቸው፣ "እነዚህ ኖራ አያስፈልጋቸውም፣ አንጠይቅላቸውም" ብለን። በኋላ እንደሰማነው ሃላፊው ቆም ብለው ያነበቡት ይሄን መስመር ነው፣ ገበሬ መጥቶ አይገባኝም ሲል አይተው ስለማያውቁ።

በጣም ያጨቃጨቀን ግን አምና መጋዘን የከረመው ኖራ ነው። የማህበሩ ገንዘብ ያዥ ጭራሽ አይነሳ አሉ፣ "እሱን ከጻፍን ራሳችንን ከሰስን" ብለው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠን እስከ ከሰዓት ተከራከርንበት። እኔ ያልኩት፣ አንባቢው እኮ ቀድሞ ያውቀዋል፣ እኛ ዝም ካልን ዝምታችንን ነው ሚያነበው። መጨረሻ ላይ አንድ ቄስ ተነስተው "እኔ ራሴ ነኝ አልወስድም ካሉት አንዱ፣ ለምን እንዳልወሰድኩ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አሉ። ክርክሩ እዛ ላይ አለቀ። ከዛ አልወስድም ያሉትን ዞረን ጠየቅናቸው። ከጠየቅናቸው አብዛኞቹ ምክንያታቸው ማጓጓዣ ነበር። የቀሩት ደግሞ "ጎረቤቴ በትኖ ምንም አላገኘም" ነው ያሉት፣ ሄደን ስናጣራ ጎረቤት የተባለው ሰው ኖራውን በዘራበት ሳምንት ነው የበተነው፣ ኖራ ግን ከመዝራት አንድ ወር ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ታርሶ ከአፈሩ ጋር መዋሃድ አለበት፣ ያለዛ በዛ አመት ብዙም አይታይም። ስለዚ የጽሁፋችን ሁለተኛ ክፍል "አምና ገበሬው ኖራ አልወሰደም፣ እውነት ነው" ብሎ ጀመረ፣ ቀጥሎ ለምን እንደሆነ፣ ዘንድሮ ምን እንደሚለወጥ። ሊመታን የነበረው ዱላ ምርኩዛችን ሆነ።

ሌሎቹንም ተቃውሞዎች እንዲሁ። "ለእናንተ ከሰጠን ሌላው ቀበሌ ይነሳብናል" ለሚለው መልሳችን መለኪያው ቀበሌ ሳይሆን የአፈር ምርመራ ይሁን፣ ምርመራ ይዞ የመጣ ሁሉ በተራው ይስተናገድ ነው። "ስንት ብር" ለሚለው ሂሳቡን ሰርተን አስቀመጥን፣ 60 ጥማድ በ10 ኩንታል 600 ኩንታል፣ መቶ ኩንታል ሚጭን ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ከሆነ ስድስት ጊዜ፣ የአንዱን ጭነት ዋጋ ከሁለት ሹፌሮች ጠይቀን። ሚያነበው ሰው ካልኩሌተር ማውጣት የለበትም።

ቋንቋውን በተመለከተ ከየኔታ ጋር ተነጋገርን። ቅኔ ላይ ወርቁን ሰሙ ስር መደበቅ ነው ጥበቡ፣ እዚ ግን ወርቁ በመጀመሪያው አንቀጽ መውጣት አለበት። እሳቸውም ተስማሙ፣ አንድ አረፍተ ነገር ግን እንዲቀርላቸው ጠየቁ፣ "መሬታችን ጨጓራዋን ታማለች፣ ያጎረስናትን ሁሉ አትፈጭም" ሚለውን። ተውነው፣ ጥሩ አረፍተ ነገር ነው፣ ማዳበሪያ ለምን እንደሚባክን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል።

ጽሁፉ አራት ገጽ ሆነ። ያስገባነው በየካቲት ነው፣ ጥቅምት ላይ ያስገባነው የወደቀበት አንዱ ምክንያት ጊዜውም ነበር፣ የመንግስት በጀት አመት ሐምሌ 1 ነው ሚጀምረው፣ የጥቅምቱ ጽሁፍ ሲደርስ የአመቱ ብር ተደልድሎ አልቋል። የካቲት ላይ ግን የሚቀጥለው አመት እቅድ ገና እየታሰበ ነው።

ምን ሰራ

በአካል ያቀረቡት ገንዘብ ያዡ ናቸው፣ እኛ ነን የመረጥናቸው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የተቃወመ ሰው የተቃዋሚውን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያውቀዋል። ሃላፊው ስለ መጋዘኑ ኖራ ሊጠይቁ ሲጀምሩ ገንዘብ ያዡ "ገጽ ሁለት ላይ አለ ጌታዬ" አሏቸው። ካቢኔው ላይ ሃላፊው ያችን የጨጓራ አረፍተ ነገር ጠቅሰው እንደተናገሩ ሰማን።

ውጤቱ፣ ከስድስቱ ጭነት አራቱ ተፈቀደ። በ2011 በጋ መንገዱ ደረቅ እያለ ሁለቱ ሚያዝያ ላይ ደረሱ፣ 20 ጥማድ በጊዜው ተበተነበት። የምርመራ መለኪያውም ለሌሎች ቀበሌዎች እንዲሰራ ተወሰነ፣ እኔ ከአራቱ መኪና ይበልጥ ደስ ያለኝ ይሄኛው ነው።

ምን አልሰራም

የቀሩት ሁለቱ መኪናዎች ሰኔ ላይ ዝናብ ከገባ በኋላ መጡ፣ አንዱ አቀበቱን መውጣት አቅቶት ኖራውን መንገድ ላይ አራገፈው። ጽሁፋችን "በበጋው ወራት" ነው ያለው እንጂ "እስከ ሚያዝያ 30" አላለም። አንድ ቀን መጻፍ ረስተን ነው ያ ሁሉ ኩንታል ለዛ አመት ዘር ሳይደርስ የቀረው።

አባሪው 14 ገጽ ነበር፣ የአፈር ውጤቱ ሙሉ ቅጂ፣ የስም ዝርዝር፣ ፎቶ ምናምን። ማንም አልከፈተውም። የምርመራውን ሰንጠረዥ ብቻ ማያያዝ ይበቃ ነበር።

ትልቁ ስህተታችን ግን ሌላ ነው። ኖራው ከተበተነ በኋላ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሊቀመንበሩ ቤት መጥታ "ኖራው ለአራት ለአምስት አመት ነው ሚሰራው ብላችኋል፣ የኔን መሬት እኩል ሚያርሰው ሰው ግን የአንድ አመት ውል ነው ያለው፣ ለሌላ ሰው አምስት አመት ብሎ ማን ይበትንልኛል?" አለች። መልስ አልነበረንም። ገበሬው መበተኑን ራሱ ይችላል ብለን ስንጽፍ እኩል ሚያሳርሱትን፣ በተለይ ሴቶቹንና አቅመ ደካሞቹን፣ አላሰብናቸውም፣ ምክንያቱም ኮሚቴው ውስጥም ከጠየቅናቸው ውስጥም አንድም እንደሷ ያለ ሰው አልነበረም። የሷ መሬት ከዘጠኙ አንዱ ነው። ኖራ ሳያገኝ ቀረ።

ለሌላ ጉዳይ ሚወሰድ

ክርክር ላይ ለምትሰሩም ለማህበር ለምትጽፉም፣ ከዚ ጉዳይ እኔ ሁሌ ምጠቀምበት የመጀመሪያው ነገር የአረፍተ ነገሩ ፈተና ነው። አቋማችሁን ጻፉና ሚቃወመው ሰው ፈልጉ፣ ከሌለ እንደገና ጻፉት። ካለ ደግሞ ያ ሰው ሚለውን እሱ ራሱ "አዎ፣ እንደዚ ነው ያልኩት" በሚልበት አነጋገር ጻፉለት፣ አሳንሳችሁ ወይ አጣማችሁ ከጻፋችሁት ማንበቡን እዛው ላይ ያቆማል።

የሀገር ቁጥር የሰፈርን ጥያቄ አይመልስም። በእጃችሁ የለካችሁት 12 ማሳ ከ43 በመቶው በላይ ይናገራል፣ በተለይ ማይጠቅማችሁን ውጤት አብራችሁ ካሳያችሁ። እጣ መጣሉ አሁንም ትክክል ነበር ብዬ ነው ማምነው፣ መርጠን ለክተን ቢሆን ኖሮ አንድ ባለሙያ መጥቶ አንዱን ደህና ማሳ ቢለካ ጽሁፉ በሙሉ ይወድቅ ነበር።

የጠየቃችሁት ነገር ሁሉ ቀን፣ መጠንና ባለቤት ይኑረው። ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ውሳኔው ሚነካቸውን ሰዎች በስም ዘርዝሩና ከነሱ ውስጥ ማንን እንዳላናገራችሁ እዩ፣ እኛ ይሄን ከጽሁፉ በኋላ ነው ያደረግነው።

ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱበት። በ2012 ሃላፊው ተቀይረው ነበር፣ አዲሱ ስለ ጉዳዩ ምንም ማያውቅ ሰው ነው፣ ፋይሉ የተገኘው ሊቀመንበሩ ኮፒው ላይ ባለው ቁጥር ነው። ያልተፈቀዱት ሁለት ጭነቶች ጥያቄ አሁን በዛ ቁጥር ነው ያለው፣ እኩል ስለሚያሳርሱት አንድ ገጽ ተጨምሮበት። ያችን ገጽ የኔታ ናቸው የጻፏት፣ ባሏ የሞተባት እናት አጠገባቸው ተቀምጣ እየነገረቻቸው።